ቁልፉ ሳይመጣ ገንዘቡ ሲሄድ

አንድ ቤተሰብ በዕድሜው ከሚፈጽማቸው ግዢዎች መካከል ከመኖሪያ ቤት ቀጥሎ ትልቁ መኪና ነው። ለዚህም ነው አባቶቻችን መኪና ሊገዙ ሲወጡ ብቻቸውን የማይወጡት። አንድ መካኒክ፣ አንድ ሾፌር ጎረቤት፣ አንዳንዴም በክርክር የማይረታ አጎት ያስከትላሉ። ኮፈኑ ይከፈታል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ጭሱ ይታያል፣ ጎማው በእግር ይመታል። (ጎማ በእግር መምታት ምን እንደሚነግር እስካሁን ያስረዳኝ ሰው የለም፤ ያልመታ ገዢ ግን አይቼ አላውቅም።) ዛሬ ይህ ሁሉ ቀርቶ አዲስ መኪና በሞባይል ታይቶ፣ ቀለሙ በጣት ተመርጦ፣ ገንዘቡ በባንክ ተልኮ ወደሚገዛበት ዘመን ደርሰናል። ለመሆኑ ይህ የአሻሻጥ ዘዴ ከየት መጣ? ለገዢውስ ምን ሰጠው? ምንስ ወሰደበት?

ነገሩ የተጀመረው በአሜሪካ ሲሆን መነሻውም የዋጋ ጉዳይ ነው። በዚያ አገር አዲስ መኪና የሚሸጠው በአብዛኛው ፋብሪካው ራሱ ሳይሆን ከፋብሪካው ውክልና ያገኘ ነጋዴ ነው። የየክፍለ ግዛቱ ሕግም ይህን ነጋዴ ከፋብሪካው ፉክክር የሚጠብቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በኦክላሆማው ሴናተር በማይክ ሞንሮኒ አነሳሽነት የወጣ ሕግ፣ ፋብሪካው የተመነው የመሸጫ ዋጋ በእያንዳንዱ አዲስ መኪና መስኮት ላይ እንዲለጠፍ አስገደደ። ይሁን እንጂ ወረቀቱ ፋብሪካው እንዲሸጥበት ያሰበውን ዋጋ እንጂ ነጋዴው የተረከበበትን አይናገርም። በመሆኑም ገዢና ሻጭ ለክርክር ሲቀመጡ አንደኛው ካርታውን ሁሉ አይቶ፣ ሌላኛው ዓይኑን ታስሮ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1995 ፒት ኤሊስ የተባሉ የቀድሞ የካሊፎርኒያ መኪና ነጋዴ አውቶባይቴል የተሰኘ ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ መኪና አልነበረውም። ገዢው የሚፈልገውን ዓይነት በኮምፒውተር ሲሞላ ጥያቄውን ለአባል ነጋዴ ያስተላልፋል፤ ነጋዴውም ለዚህ ይከፍላል። በእኛ አነጋገር ድለላ ነው፤ ደላላው ኮምፒውተር መሆኑ ብቻ አዲስ ነበር። በነዚያው ዓመታት ነጋዴው ከፋብሪካው የሚረከብበት ዋጋም በኢንተርኔት መውጣት ጀመረ። ገዢው ዓይኑ የተፈታው ያኔ ነው። ይህንን በጎ ጎን መካድ አይገባም።

ቴስላ ደግሞ ነጋዴውን ጨርሶ ተወውና ራሱ መሸጥ ጀመረ። ቴክሳስን በመሳሰሉ ክፍለ ግዛቶች ሕጉ ይህን ስለሚከለክል ገዢው ትዕዛዙን የሚሰጠው በኢንተርኔት ነው። የሚገርመው ኩባንያው በ2021 ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደዚያው ወደ ቴክሳስ ማዛወሩ ነው፤ እዚያው ኦስቲን የተሠራው መኪና ለኦስቲን ነዋሪ የሚሸጠው በድረ ገጽ ነው! በየካቲት 2019 ኩባንያው ሽያጩን ሁሉ ወደ ኢንተርኔት እንደሚያዞርና ብዙ መደብሮቹን እንደሚዘጋ ገለጸ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ብዙዎቹን ክፍት እንደሚያቆይ አስታወቀ። ሰው ነክቶ ማየት እንደሚፈልግ የገባው ይመስላል። ለማባበያም በ7 ቀን ውስጥ ወይም 1,000 ማይል ሳይሞላ መመለስ ይቻላል ብሎ ነበር፤ ይህንኑ መብት በጥቅምት 2020 አነሳው። አማዞንም ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ የሂዩንዳይ አዲስ መኪናዎችን በ48 የአሜሪካ ከተሞች ማቅረብ ጀምሯል። እዚያም ቢሆን ሻጩ የአካባቢው ነጋዴ ነው፤ ቁልፉን የሚያስረክበውም እርሱ ነው።

ዋጋው እንዲህ ሲገለጥ ሌላ ነገር ተሸፈነ። ገንዘብ ከተከፈለበት ቀን እስከ ቁልፍ ርክክቡ ድረስ ያለውን አደጋ ማን ይሸከማል? እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 ቴስላ ሞዴል 3 ለተባለው መኪና 1,000 ዶላር አስይዙ ሲል በአንድ ሳምንት ውስጥ ከ325,000 በላይ ሰው ተመዘገበ። መኪናው ያኔ ገና ማምረት አልተጀመረም ነበር። በ2024 የቻይናው ስልክ አምራች ሻዎሚ የመጀመሪያ መኪናውን ሲያወጣ፣ በ27 ደቂቃ ውስጥ 50,000 ትዕዛዝ እንደቀረበለት ተናግሯል፤ ቡና ተቆልቶ እስኪፈላ ማለት ነው። እነዚህ ገዢዎች ቢያንስ መኪናቸውን አገኙ። በ2017 ለቴስላ ሮድስተር 50,000 ዶላር ያስያዙት ግን መኪናው በ2020 እንደሚመጣ ተነግሯቸው፣ 2020ም አልፎ 2024ም አልፎ አንዱም አልተረከበም። በኢንተርኔት በቀጥታ ይሸጥ የነበረው ፊስከር ደግሞ በሰኔ 2024 ኪሳራውን ለፍርድ ቤት አሳወቀ፤ መኪናውን የገዙት መለዋወጫና የኮምፒውተር ማደሻ ፍለጋ መሰባሰብ ያዙ።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥታችን የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ከዚያ ወዲህ አዲስ መኪና ማለት በአብዛኛው የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ሆኗል፤ ገበያውም ቴግራምና ፌስቡክ ላይ ተዘርግቷል። ፎቶው ያምራል፣ ዋጋው ተጽፏል፣ ከሥሩም ግማሹን ዛሬ ይክፈሉ ይላል። መኪናው ግን ምናልባት ቻይና ነው፤ ምናልባት መርከብ ላይ ነው፤ ምናልባትም ፎቶው ብቻ ነው ያለው።

ዋናው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካው ገዢ ብዙውን ጊዜ መኪናውን ከሠራው ወይም ውክልና ካለው ጋር ይዋዋላል። የእኛ ገዢ ግን አስመጪ ከሆነ ግለሰብ ጋር፣ አንዳንዴም ከአስመጪው ደላላ ጋር ነው። ፋብሪካው ስለ ባትሪው የገባው ዋስትና ለቻይና ገበያ የተሰጠ ከሆነ አዲስ አበባ ላይ የሚያስከብረው የለም። በማስታወቂያው ላይ በአንድ ሙሊት 500 ኪሎ ሜትር የሚለው ቁጥር በቻይና መለኪያ የተገኘ ከሆነ ከአውሮፓው መለኪያ ይበልጣል፤ በእንጦጦ ዳገት ላይ ደግሞ ይበልጥ ያንሳል። የቻርጀሩ መሰኪያ የትኛው ዓይነት ነው? የመኪናው ስክሪን የሚናገረው ቻይንኛ ብቻ ነው ወይስ ይቀየራል? እነዚህን ፎቶ አይመልስም፤ ሻጩ በጽሑፍ ይመልስ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 አለፈ። ከዚያ ቀን በፊት በብር ተዋውሎ ግማሹን የከፈለ፣ መኪናው ግን ያልመጣለት ቤተሰብ በምን ሁኔታ ላይ እንደሚወድቅ አስቡት። ውሉ ዋጋው አይለወጥም ካላለ ጭማሪ የሚጠይቅ ሻጭ አይጠፋም።

ከፋዮች በብዛት የሚዘነጉት ሌላው ጉዳይ የክፍያው ስም ነው። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ክፍያው ቀብድ ከሆነና ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ቅድሚያ ክፍያ ተብሎ ሲጻፍ ግን ይህ እጥፍ በራሱ አይመጣም። አንድ ቃል የብዙ መቶ ሺህ ብር ልዩነት አላት።

በፊቅህ መጻሕፍትም ይህ ጉዳይ አዲስ አይደለም። ሻጩ በእጁ የሌለውን መሸጥ በመሠረቱ የተከለከለ ሲሆን፣ ሰለም የተባለው ውል ግን ዓይነቱና መጠኑ ተገልጾ፣ መረከቢያው ቀን ተቆርጦ፣ ዋጋው በውሉ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ሲከፈል ይፈቀዳል። ታዝዞ ለሚሠራ ዕቃ ደግሞ ሐነፊዮች ኢስቲስናዕን አጽድቀዋል፤ ክፍያው ሊከፋፈል ይችላል። ያላዩትን ዕቃ የገዛ ሰው ሲያየው የመተው ምርጫ አለው ያሉትም እነርሱው ናቸው፤ በሻፊዒዮች ዘንድ የጸናው አቋም ግን ያልታየ ዕቃ ሽያጭ አይጸናም የሚል ነው። ሻጭ ቀብድ ማስቀረቱን አብዛኞቹ ፉቀሃ ሲከለክሉ ሐንበሊዮች ፈቅደዋል። ዝርዝሩን ውሉን ይዞ ዓሊም ዘንድ ሄዶ መጠየቅ ይሻላል። በውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ ድረ ገጹ ወርሃዊ ክፍያውን አጉልቶ ሲያሳያችሁ ጠቅላላውን ደምሩት፤ ወለዱ የተደበቀው እዚያ ውስጥ ነው።

ገንዘቡ ከመላኩ በፊት የሻጩ የንግድ ፈቃድ ይታይ፤ የባንክ ሒሳቡም በፈቃዱ ላይ ባለው ስም መሆኑ ይረጋገጥ። መኪናው ጅቡቲ ደርሷል ከተባለ የሻንሲ ቁጥሩ ይጠየቅና ከመጫኛ ሰነዱ ጋር ይነጻጸር፤ ጉምሩክን አልፏል ከተባለ ዲክላራሲዮኑ ይጠየቅ። የሚቻል ከሆነ የመጨረሻው ክፍያ መኪናው ታይቶ፣ ተነድቶ ይፈጸም። በቴሌግራም የተጻፈውን ነገር ሁሉ ደግሞ አታጥፉት። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መልእክት በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንዳይነፈገው ይደነግጋል። ሻጩ ከሦስት ወር በፊት «ሰኞ ትደርሳለች» ብሎ የጻፋት አጭር መልእክት ዳኛ ፊት ልትቀርብ ትችላለች።