ሊኑክስ ስትጭኑ «ስቴብሉ» ይሻላል ወይስ አዲሱ?



ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ ብዙ ሰው አንድ ጥያቄ ላይ ወድቋል፦ «ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ 11 አይቀበልም፣ ምን ላድርገው?» ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች ደግሞ ከ8ኛው ትውልድ በታች ያሉትን ከጥቂቶች በስተቀር አይቀበልም። በዚህ ምክንያት ገና ብዙ ሥራ መሥራት የሚችሉ ማሽኖች ከውጭ ቀርተዋል። ለእነዚህ ማሽኖች አንዱ መፍትሔ ሊኑክስ ነው። ነፃ ነው፣ ክራክ ፍለጋ የለም፣ የቆየ ማሽን ላይም ይሠራል።

ችግሩ ሊኑክስ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ደቢያን አለ፣ ኡቡንቱ አለ፣ ሚንት፣ ፌዶራ፣ አርች... እነዚህ «ዲስትሮ» ይባላሉ። ከስማቸው በላይ የሚለያያቸው ትልቅ ነገር የሶፍትዌር ቨርዥን የሚቀይሩበት ፍጥነት ነው።

ጠመንጃ ያዥ አካባቢ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ ቤት ያለውን ሰው እንውሰድ። ሦስት ያገለገሉ ዴስክቶፖች፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ስካነር አለው። አንዱ ሲቪ ሊያስጽፍ ይመጣል፣ ሌላው ልደታ ፍርድ ቤት ዛሬውኑ የሚገባ አቤቱታ ይዞ ይቆማል። ማሽኑ ግማሽ ቀን ከቆመ የዕለቱ ገቢ ቆመ ማለት ነው። አንዱ ጓደኛው «ደቢያን ስቴብል ጫንና እርሳው» ይለዋል። ሌላው «እሱማ አሮጌ ነው፤ ፌዶራ ወይ አርች ጫን፣ ሁሌ አዲስ ነው» ይለዋል። ማንን ይስማ?

«ስቴብል» ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙዎቻችን ስቴብል ሲባል «የማይበላሽ» ይመስለናል። በሊኑክስ ሰፈር ግን ትርጉሙ «የማይለዋወጥ» ነው። ደቢያን 12 እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 2023 ሲወጣ ሊብሬ ኦፊስ 7.4ን ይዞ ወጣ። ደቢያን 12ን የጫነ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላም የሚያገኘው ያንኑ 7.4 ነው። አዲሱን ቨርዥን ያመጣው እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 2025 የወጣው ደቢያን 13 ነው።

«ታዲያ በመሀል የደኅንነት ክፍተት ቢገኝስ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። የዲስትሮው ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ ጥገናውን ብቻ ነጥለው ወስደው አሮጌው ቨርዥን ላይ ይሰፉታል። የቨርዥኑ ቁጥር አሮጌ ይመስላል፣ ቀዳዳው ግን ተደፍኗል። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አይቶ «ይሄ ጊዜው ያለፈበት ነው» ማለት ስህተት ነው።

ማን ስንት ጊዜ ይደግፋል?

• ደቢያን ስቴብል፦ በየሁለት ዓመቱ ገደማ አዲስ ይወጣል። ሦስት ዓመት ሙሉ ድጋፍ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት የተራዘመ ድጋፍ አለው።
• ኡቡንቱ ኤልቲኤስ፦ በየሁለት ዓመቱ ይወጣል፣ መደበኛ ድጋፉ አምስት ዓመት ነው። ስሙን ማንበብ ቀላል ነው፤ 24.04 ማለት በ2024፣ በ4ኛው ወር በፈረንጆች የወጣ ማለት ነው።
• ሊኑክስ ሚንት 22፦ በኡቡንቱ 24.04 ላይ የተሠራ ነው፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2029 ይደገፋል።
• ኤልቲኤስ ያልሆነ ኡቡንቱ፦ እንደ 25.04 እና 25.10 ያሉት የሚደገፉት ለ9 ወር ብቻ ነው።
• ፌዶራ፦ በየስድስት ወሩ ገደማ ይወጣል፣ አንዱ ቨርዥን ለ13 ወር ያህል ይደገፋል።
• አርች እና ኦፕንሱሴ ተምብልዊድ፦ «ሮሊንግ» ይባላሉ። ቨርዥን የሚባል ነገር የላቸውም፤ አዲስ ነገር በወጣ ቁጥር ወዲያው ይመጣል።

አዲስ ሁልጊዜ ደኅና ነው?

እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2024 የሆነውን እናስታውስ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ የደቢያን የሙከራ ቅርንጫፍ በጫነበት ማሽን ላይ በኤስኤስኤች ሲገባ የግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት አየ። ነገሩ ከንክኖት ቢከታተለው ኤክስዚ የተባለ የፋይል መጭመቂያ ሶፍትዌር ውስጥ፣ በ5.6.0 እና 5.6.1 ቨርዥኖች፣ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጀርባ በር አገኘ። የተመረዘው ፋይል የደረሰው አዲሱን ቶሎ የሚቀበሉት ጋ ነበር፤ የደቢያን የሙከራ ቅርንጫፎች፣ ገና ያልወጣው ፌዶራ 40 እና ተምብልዊድ ከእነሱ መሀል ናቸው። ደቢያን ስቴብል ጋ አልደረሰም።

ከዚህ የምንማረው፣ ለአዲስ ሶፍትዌር የምንጠብቀው ጊዜ ሌሎች ሰዎች ችግሩን የሚያገኙበት ጊዜ እንደሆነ ነው።

የእኛ አገር ሁኔታ

የውጭ አገር ምክሮች ብዙ ጊዜ የሚረሱት ነገር አለ። ሮሊንግ ዲስትሮ በየሳምንቱ ብዙ ዳውንሎድ ይጠይቃል። በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ይሄ ቀጥታ የኪስ ወጪ ነው።

መብራትም አለ። ከርነሉ እየታደሰ ሳለ መብራት እልም ቢል ማሽኑ ላይነሳ ይችላል። ማሻሻያው በበዛ ቁጥር ይህ አደጋም ይበዛል። ዩፒኤስ የሌለው ቤት ይህን ማሰብ አለበት።

ሦስተኛው ኢንተርኔት ነው። በሰኔ 2012 መጨረሻ በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋርጦ ነበር። ትግራይ ውስጥ ከጥቅምት 2013 መጨረሻ ጀምሮ ሁለት ዓመት ገደማ፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ወዲህ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቷል። ለወራት ሳይታደስ የቆየ አርች በአንድ ጊዜ ሲታደስ ሊያስቸግር ይችላል፤ የጥቅሎቹን ትክክለኛነት የሚያረጋግጡት ቁልፎች ጊዜ ስለሚያልፍባቸው ማሻሻያውን አልቀበልም ሊል ይችላል። ደቢያን ስቴብል ግን ከወራት በኋላ ሲገናኝ የሚወስደው በአብዛኛው የተጠራቀመ ጥገና ነው፣ ሥራውም እንደነበረ ይቀጥላል። በእርግጥ ማሻሻያ ሳያገኝ የቆየ ማሽን የትኛውም ቢሆን ለአደጋ የተጋለጠ ነው፤ ልዩነቱ መመለሱ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ላይ ነው።

አዲሱን መምረጥ ያለበት ማነው?

አዲሱ የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። ገና ገበያ ላይ የወጣ ላፕቶፕ ገዝታችሁ ዋይፋዩ ወይም የግራፊክስ ካርዱ አሮጌ ከርነል ላይ እምቢ ካለ አዲስ ከርነል ያስፈልጋችኋል። ደቢያን 12 የያዘው ከርነል 6.1 ነው፣ ደቢያን 13 ደግሞ 6.12። ፕሮግራመር ሆናችሁ የቅርብ ጊዜ መሣሪያ የምትፈልጉ ከሆነም ፌዶራ ጥሩ ነው። ለመማር ደግሞ አርች ብዙ ያስተምራል፤ ብቻ እንጀራ የምትበሉበት ማሽን ላይ አትጀምሩት።

መሀል መንገድም አለ። መሠረቱን ስቴብል አድርጋችሁ የምትፈልጉትን አንድ ሁለት ፕሮግራም ብቻ በፍላትፓክ አዲሱን መጫን ይቻላል። ደቢያን «ባክፖርትስ» የሚለው ማከማቻ አለው። ኡቡንቱ ኤልቲኤስም አዲስ ከርነል እየጨመረ ይሄዳል። ፍላትፓክ ግን ዳውንሎዱ ትልቅ ነው፣ ዳታችሁን አስቡ።

ከቨርዥኑ በፊት ቀኑን እዩ

ስቴብል የሚለው ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ሴንትኦኤስ 8ን ሰርቨር ላይ የጫኑ ሰዎች እ.ኤ.አ. እስከ 2029 ይደገፋል ተብለው ነበር። ዲሴምበር 8 ቀን 2020 ሬድ ሃት ድጋፉ በ2021 መጨረሻ እንደሚያበቃ አስታወቀ። ብዙ ተቋማት ወደ አልማ ሊኑክስና ሮኪ ሊኑክስ ለመዞር ተገደዱ። ስለዚህ የምትጭኑት ቨርዥን ድጋፉ መቼ እንደሚያበቃ ዲስትሮው የራሱ ገጽ ላይ እዩ፤ በየዓመቱም አንዴ ደግማችሁ እዩ።

በጣም አሮጌ፣ ባለ 32 ቢት ኮምፒውተር ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ፤ ደቢያን 13 ለ32 ቢት ፒሲ መጫኛ የለውም። ደቢያን 12 የመጨረሻው ነው፣ የተራዘመው ድጋፉም እ.ኤ.አ. በጁን 2028 ያበቃል።

አዲስ ቨርዥን የማይፈታቸው ነገሮች

ለጽሕፈት ቤት ትልቁ ጣጣ የድሮ ፋይሎች ናቸው። ዩኒኮድ ባልሆኑ የድሮ ፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ ከሌለ የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። ይሄ ስቴብሉም ላይ አዲሱም ላይ ያው ነው። በዩኒኮድ ለተጻፈው ግን አቢሲኒካና ኖቶ ፎንቶች ደቢያን ስቴብል ውስጥም አሉ።

ፕሪንተርም እንዲሁ። ብዙዎቹ ኤችፒዎች ያለ ችግር ይሠራሉ። አንዳንድ የካኖን ኤልቢፒ ሞዴሎች ግን ያስቸግራሉ።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

1. ፋይላችሁን ሌላ ዲስክ ላይ ኮፒ አድርጉ። ፎርማት ከተደረገ በኋላ ጸጸት አይጠቅምም።
2. ዲስትሮውን ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ሳትጭኑት ሞክሩት። ፕሪንተሩን፣ ስካነሩን፣ ዋይፋዩን ፈትሹ።
3. ሁሉም ከሠራ ስቴብሉን ጫኑ። ለጀማሪ ሚንት፣ ራሙ 4 ጊጋ ለሆነ ማሽን የሚንት ኤክስኤፍሲኢ ዓይነት ይስማማል።
4. አንድ ዕቃ ብቻ እምቢ ካለ መጀመሪያ አዲስ ከርነል ሞክሩ፣ ካልሆነ ወደ አዲሱ ቨርዥን ሂዱ።
5. ብዙ ማሽን ካላችሁ አንዱን ብቻ ቀይራችሁ ሁለት ሳምንት ሥሩበት።

የጠመንጃ ያዡ ባለሱቅ ማሽኖች የቆዩ ናቸው፣ ሥራው ጽሕፈትና ፕሪንት ነው፣ የሚጠብቀውም ደንበኛ ነው። ለእሱ የመጀመሪያው ጓደኛው ምክር ያዋጣዋል፤ «እርሳው» ከሚለው በስተቀር። የደኅንነት ጥገናውን በየጊዜው፣ መብራትና ኔትወርክ ደኅና በሆነ ሰዓት ሱቁ ሲዘጋ መጫን አለበት።

እናንተስ የትኛውን ነው የምትጠቀሙት? ማሽናችሁን ሞዴልና የምትሠሩበትን ሥራ ኮመንት ላይ ጻፉልን። ዊንዶውስ 10 ላይ ለቀረ ወዳጃችሁም ሼር አድርጉለት።