ተረትና እውነታ፦ ታብሌት ላይ በብዕር ኖት መያዝ

ኢንተግራል፣ ሰርኪት ወይም የኬሚስትሪ ቀመር በኪቦርድ እየጻፈ መምህሩን መከተል የሚችል ተማሪ ብዙ አይገኝም። ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ብዙ በማይርቀው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ከደብተር ሌላ አማራጭ ሲያስብ፣ ላፕቶፑን አልፎ ታብሌትና ብዕር ቢመኝ አይፈረድበትም። ዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ተማሪዎቹን በተቀበለበት በ2004 ዓ.ም. ሳምሰንግ ብዕር የተሸጎጠበትን የመጀመሪያውን ጋላክሲ ኖት ለገበያ አቀረበ። የአፕል ብዕር የመጣው ከዚያ አራት ዓመት ቆይቶ ነው። ዕቃው ገና አዲስ ስለሆነ ወሬው ከዕውቀቱ ቀድሟል። አንዳንዱ ወሬ የቤተሰብ ገንዘብ ያስበላል፤ አንዳንዱ ደግሞ የፈተና ውጤት።

ተረት፦ ስክሪን ላይ የተጻፈ ነገር አእምሮ ውስጥ አይቀርም

ይህን የሚሉ ሰዎች “በጥናት የተረጋገጠ ነው” ብለው ይጨምሩበታል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ፓም ሙለርና ዳንኤል ኦፐንሃይመር እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ጥናት ነው። እነሱ ግን ያወዳደሩት ወረቀት ላይ የጻፉትን በላፕቶፕ ከጻፉት ጋር ነው፤ ታብሌትና ብዕር በጥናቱ ውስጥ የሉም። ላፕቶፕ የያዙት ተማሪዎች የመምህሩን ቃል እንዳለ ሲገለብጡ፣ ሐሳቡን መረዳት በሚጠይቁ ጥያቄዎች ላይ ደክመው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2019 ካይላ ሞርሄድና ባልደረቦቿ ሙከራውን ደግመው ሲሠሩት፣ በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ላይ በብዕር የሚጽፍ ቡድን ጨመሩበት። በቡድኖቹ ውጤት መካከል ወጥ የሆነ ልዩነት አላገኙም።

ይበልጥ የሚያስገርመው የኖርዌዩ ነው። ኦድሪ ቫን ደር ሜርና ሩድ ቫን ደር ዌል እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ያሳተሙት ጥናት፣ በእጅ መጻፍ ከመተየብ ይልቅ የአንጎልን ክፍሎች አስፍቶ እንደሚያስተሳስር አሳየ። “ወደ ወረቀት እንመለስ” የሚሉ ሁሉ ይህን ጥናት ይዘው ይከራከራሉ። የተጠኑት 36 ተማሪዎች ግን የጻፉት በዲጂታል ብዕር፣ በቀጥታ ስክሪን ላይ ነበር! ይህም ሆኖ ጥናቱን ከልኩ በላይ መለጠጥ አይገባም። የተለካው የአንጎል እንቅስቃሴ እንጂ ትምህርቱ ምን ያህል እንደተያዘ አይደለም፤ ሲተይቡም በአንድ ጣት ብቻ ነበር። ደግሞም ተማሪዎቹ የላቲን ፊደልን እያያያዙ ነው የጻፉት፤ የእኛ ፊደል እየተነጠለ የሚጻፍ ስለሆነ ግኝቱ እንዳለ ለእኛም ይሠራል ብሎ መደምደም ያስቸግራል።

ለወረቀት የሚከራከር ሰው ጠንከር ያለ ማስረጃ ከፈለገ ወደ ቶኪዮ ይሂድ። የኩኒዮሺ ሳካይ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ጥናት 48 ሰዎች ከአንድ ንግግር ውስጥ ቀጠሮና የክፍል ሰዓት እየለቀሙ መዘገቡ። ወረቀት የያዙት በ11 ደቂቃ ገደማ ሲጨርሱ፣ ታብሌትና ብዕር የያዙት 14፣ ስልክ የያዙት ደግሞ 16 ደቂቃ ያህል ፈጀባቸው። ከአንድ ሰዓት ዕረፍት በኋላ ሲጠየቁ፣ ከማስታወስ ጋር በተያያዙ የአንጎል ክፍሎች ላይ ከፍ ያለ እንቅስቃሴ የታየው ወረቀት በያዘው ቡድን ነው። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን የወረቀት ገጽ ከሚሰጠው የቦታ ምልክት ጋር ያያይዙታል። ደብተር ላይ የጻፍነው ነገር በግራ ገጽ ከታች እንደነበር፣ ከተጣጠፈው ጥግ አጠገብ እንደነበር ትዝ ይለናል። ታብሌት ላይ እየተንሸራተተ የሚያልፍ ማለቂያ የሌለው ገጽ ይህን ያሳጣል።

ይህ ክፍተት ግን በከፊል ይሞላል። አብዛኞቹ የኖት መተግበሪያዎች ወደታች የሚፈስ ገጽን በቋሚ ገጽ ለመቀየር ይፈቅዳሉ። ገጹን እንደ ደብተር ልክ አድርጎ፣ ሳያጎሉና ሳያሳንሱ መጻፍ፣ ለአንድ ርዕስ አንድ ገጽ መስጠት፣ ሥዕሉን ሁልጊዜ በአንድ በኩል ማኖር ይረዳል። የጻፉት ነገር እንደገና ቋሚ ቦታ ያገኛል።

ተረት፦ ፒዲኤፉ ቴሌግራም ላይ ካለ፣ ማቅለም ይበቃል

ከሁሉም በላይ የምፈራው ይህን ነው። ሃንድአውቱ በክፍሉ ግሩፕ ይለቀቃል፤ ተማሪው ታብሌቱ ላይ ይከፍተውና መስመር እያሰመረ፣ በቢጫና በአረንጓዴ እያቀለመ ሌሊቱን ያጋምሳል። ገጹ ያምራል፤ እጁም ስላልቦዘነ ያጠና ይመስለዋል። ጆን ደንሎስኪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 የጥናት ዘዴዎችን አንድ በአንድ ሲመዝኑ፣ ማቅለምና ማስመርን ዝቅተኛ ጥቅም ካላቸው ጎን መደቡት። ከፍተኛውን ደረጃ ያገኙት ራስን መፈተንና ጥናትን በቀናት ከፋፍሎ መድገም ናቸው። ታብሌቱ ለዚህም ይመቻል። የሃንድአውቱን ሥዕል ሳያዩ ባዶ ገጽ ላይ ሰርኪቱን ከነእሴቶቹ መሣል፣ ከዚያ ፒዲኤፉን ከፍቶ ማመሳከር፣ የተሳሳተውን በቀይ ማረም፣ በሦስተኛው ቀን እንደገና ከባዶ መጀመር። ገጽ አይባክንም፤ ቀለምም አያልቅም።

ተረት፦ ይህ ብዕር ለሁሉም ይሆናል

ሻጭ እንዲህ ሲል ጠጋ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጫፉ ጎማ የሆነው ርካሹ ብዕር በእርግጥ ሁሉም ስክሪን ላይ ይሠራል፤ ስክሪኑ የሚያየው ግን እንደ ጣት ነው። መዳፍዎን ካሳረፉበት መዳፍዎም ይጽፋል። የሳምሰንግ ኤስ ፔን የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ከስክሪኑ ሥር ያለው ንጣፍ የሚልከውን የኤሌክትሮማግኔት ኃይል በብዕሩ ውስጥ ያለው ጥምጥም ሽቦ ተቀብሎ ይመልሳል። በዚህ ምክንያት ለመጻፍ ባትሪ አያስፈልገውም። ቻርጅ የሚደረጉት ሞዴሎችም ቻርጁን የሚጠቀሙበት ከርቀት ፎቶ ለማንሳትና ለመሳሰሉት ነው። መብራት ሲጠፋ ታብሌቱ ቻርጅ እስካለው ድረስ ብዕሩ አያሳስብም። ያ ንጣፍ የሌለው ታብሌት ግን ኤስ ፔን አይቀበልም። ታብ ኤስ6 ላይት ብዕሩን ከካርቶኑ ይዞ ሲመጣ፣ ታብ ኤ8 እና ታብ ኤ9 አይቀበሉትም። የአፕሉም ቢሆን በአንዱ ኩባንያ ዕቃዎች መካከል እንኳ ሁልጊዜ አይጣጣምም፤ 9ኛው ትውልድ አይፓድ የሚሠራው ከመጀመሪያው አፕል ፔንስል ጋር ነው፤ ሁለተኛውን ትውልድ አያውቀውም።

ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ሱቁ ውስጥ ቆመው ይሞክሩ። የኖት መተግበሪያ ይክፈቱ፣ መዳፍዎን ሙሉ በሙሉ መስተዋቱ ላይ ያሳርፉ፣ በደብተር መስመር ልክ አነስ አድርገው “ኮዬ ፈጬ” ብለው ይጻፉ። የጬ እግር ላይ ያለችው ቀለበት ተደፍና ጪ ከመሰለች፣ ወይም ከመዳፍዎ ሥር ነጠብጣብ ከተረጨ፣ ያ ብዕር ለአማርኛ ኖት አይሆንም። የግፊት መጠን መለየት ለሠዓሊ እንጂ ለኖት ወሳኝ ስላልሆነ፣ መዳፍን የሚለይ ርካሽ አማራጭ ካገኙ ውዱን መግዛት ግዴታ አይደለም።

“ብዕር ስክሪን ይቧጭራል” የሚለው ስጋትም አለ። የብዕሩ ጫፍ ከመስተዋት የለሰለሰ ፕላስቲክ ነው፤ የሚቧጭረው ከሥሩ የገባ የአሸዋ ቅንጣት ነው። አቧራ በሚበዛበት ሰፈር ከመጻፍ በፊት መወልወል ይበቃል።

ተረት፦ የእጅ ጽሑፌን ታብሌቱ ያነበዋል

በእንግሊዝኛ፣ አዎን። አይፓድ በእጅ የተጻፈ እንግሊዝኛን ወደ ታይፕ ይቀይራል፤ በውስጡም ቃል ፈልጎ ያገኛል። አማርኛ ከዚህ አገልግሎት ውስጥ የለም። የሚሞክር ጠፍቶ አይደለም። ያሬጋል አሳቤና ጆሴፍ ቢጉን ስክሪን ላይ በብዕር የሚጻፍ የኢትዮጵያ ፊደልን ኮምፒውተር እንዲለይ የሚያስችል ሥራ እ.ኤ.አ. በ2008 አቅርበዋል። ሥራው ከባድ ነው፤ 33ቱ ፊደላት በሰባት ቤት ተባዝተው 231 ይሆናሉ፣ ብዙዎቹ የሚለዩትም በአንዲት ቅጥያ ነው። እስከዚያው መፍትሔው ርዕሱን፣ ቀኑንና ሁለት ሦስት ቁልፍ ቃላትን በአማርኛ ኪቦርድ መተየብ፣ የቀረውን በእጅ መጻፍ ነው። ፍለጋው የተየቡትን ርዕስ ያገኘዋል።

“ዲጂታል ስለሆነ አይጠፋም” የሚለው ደግሞ ብዙ ሴሚስተር አበላሽቷል። ኖቱ ያለው መተግበሪያው ውስጥ ነው፤ ታብሌቱ ከተሰረቀ ወይም መተግበሪያው ከተሰረዘ አብሮ ይሄዳል። በየሳምንቱ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሮ የራስ ቴሌግራም ውስጥ ማስቀመጥ ጥቂት ሜጋባይት ነው የሚፈልገው። ሆኖም ፒዲኤፉ ለማንበብ እንጂ እንደገና በብዕር ለማረም ስለማይመች፣ መተግበሪያው በራሱ የሚያስቀምጠውን ፋይልም አብሮ መላክ ይበጃል።