የፕሮቲን ቅደም ተከተልን በማነጻጸር የባክቴሪያን ስኳር አስገቢ ጂኖች መለየት፦ የትኩሳት ግርሻ ባክቴሪያ እንደ ምሳሌ

ትኩሳት ግርሻ በሰውነት ቅማል አማካይነት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ሲሆን በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ለረጅም ዘመን ሲታወቅ የኖረ ነው። እንደ ዘመሮ ባሉ የሰሜን ሸዋ ደጋዎች ብርዱ ብርቱ ስለሆነ ሰው ልብስ ደራርቦ ይለብሳል፤ ከሱፍ የተሠራ ባናም በየጊዜው ለማጠብ አይመችም። በዚህ ላይ መጨናነቅና የውኃ እጥረት ሲታከሉበት ለቅማል መራባት ምቹ ሁኔታ ይፈጠራል።

የበሽታው መንስኤ ቦረሊያ ሬከረንቲስ የተባለ ጥምዝ ባክቴሪያ ነው። ሕመምተኛው ትኩሳት ባለበት ሰዓት የተወሰደ ደም በስላይድ ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ባክቴሪያው ሊገኝ ይችላል። ምን እንደሚመገብና ምግቡን በምን መንገድ ወደ ውስጡ እንደሚያስገባ ለማወቅ ግን ማይክሮስኮፕ አይበቃም። ሌሎች ባክቴሪያዎችን ለመለየት የሚያገለግለው የስኳር ማብላላት ምርመራም እዚህ አይረዳም፤ ቦረሊያ በተለመደው የባክቴሪያ ማሳደጊያ ላይ አይበቅልምና። ቦረሊያ ሬከረንቲስን በቤተ ሙከራ ማሳደግ መቻሉ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1994 ሲሆን፣ ባክቴሪያው የተገኘው ከኢትዮጵያውያን ሕሙማን ደም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ሙሉ የዘር መረጃው ታትሞ ወጣ። ለዚህ ሥራ የተመረጠው ኤ1 የተባለው ዝርያም ከኢትዮጵያ የተገኘ ነው። መረጃው ወደ 1.24 ሚሊዮን የሚጠጉ የዲኤንኤ ፊደላትን የያዘ ሲሆን፣ ከእነዚህ ፊደላት የየጂኑን ሥራ ለመገመት ከሚረዱት ዋና ዘዴዎች አንዱ የፕሮቲን ቅደም ተከተልን ማነጻጸር ነው።

የዘዴው መሠረት ቀላል ነው። እያንዳንዱ ፕሮቲን 20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች በተወሰነ ቅደም ተከተል ተያይዘው የሚሠሩት ሰንሰለት ነው። ሁለት ፕሮቲኖች ከአንድ ጥንታዊ ጂን የወረዱ ከሆነ፣ ዘመን ብዙውን ፊደል ቢለውጠውም ለሥራቸው የግድ የሚያስፈልገው ክፍል ብዙ ጊዜ ሳይለወጥ ይቆያል። ስለዚህ ያልታወቀው ፕሮቲን እንደ ኢ. ኮላይ ካሉ በሚገባ ከተጠኑ ባክቴሪያዎች ፕሮቲኖች ጋር ጎን ለጎን ተደርድሮ ይመረመራል። እ.ኤ.አ. በ1990 የቀረበው ብላስት የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ይህን ፍለጋ በአጭር ጊዜ ያከናውናል፤ የተገኘው መመሳሰል በአጋጣሚ ሊፈጠር የሚችል መሆን አለመሆኑንም በቁጥር ያሳያል።

ስኳር አስገቢ ፕሮቲኖች የሚለዩባቸው ምልክቶች አሏቸው። በሴሉ ሽፋን ውስጥ የሚቀመጠው ፕሮቲን ውኃ የማይስማማቸው አሚኖ አሲዶች በተከታታይ የሰፈሩባቸው፣ እያንዳንዳቸው 20 ያህል አሚኖ አሲድ የሚረዝሙ ክፍሎች ይኖሩታል። ኤቲፒን በመሰባበር ጉልበት የሚያገኘው ቡድን ኤቲፒ የሚያዝበት የታወቀ የአሚኖ አሲድ አሰላለፍ አለው። ስኳሩን እያስገባ ፎስፌት የሚያስርበት ሌላው ቡድን ደግሞ ፎስፌቱን ከአንዱ ፕሮቲን ወደ ሌላው በቅብብሎሽ ያደርሳል። በባክቴሪያዎች ውስጥ ለአንድ ሥራ የሚተባበሩ ጂኖች ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ስለሚገኙ፣ የጎረቤት ጂኖች ማንነትም ግምቱን ያጠናክራል።

ይሁን እንጂ መመሳሰል ማስረጃ ሳይሆን መነሻ ነው። በመላ ርዝመታቸው ከ30 በመቶ በላይ የሚመሳሰሉ ፕሮቲኖች አብዛኛውን ጊዜ ዝምድና አላቸው፤ ከ25 በመቶ በታች ሲሆን ግን መመሳሰሉ ብቻውን አያስተማምንም። ዝምድናው ቢረጋገጥ እንኳ የአንድ ቤተሰብ ፕሮቲኖች የተለያየ ስኳር ሊያስገቡ ይችላሉ። ስለሆነም «ስኳር አስገቢ» ማለት ቢቻልም፣ የትኛውን ስኳር እንደሚያስገባ የሚወስነው ሙከራ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የላይም በሽታ መንስኤ የሆነው ቦረሊያ ቡርግዶርፈሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው የዘር መረጃው ባክቴሪያው ጉልበት የሚያገኘው በዋናነት ስኳርን ወደ ላክቲክ አሲድ በመለወጥ እንደሆነ አመለከተ። በመዥገር ቆዳ ውስጥ ካለው ካይቲን የሚገኘውን ካይቶባዮስ የተባለ ስኳር ያስገባል ተብሎ በንጽጽር የተገመተ ጂንም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ጥናት ጂኑ ሲበላሽ ባክቴሪያው በዚህ ስኳር መጠቀም እንደሚያቅተው አሳየ፤ ግምቱም ትክክል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2004 ግን ይኸው ጂን የጎደለው ባክቴሪያ በአይጥና በመዥገር መካከል ያለውን የሕይወት ዑደቱን መፈጸም እንዳላቃተው ተረጋገጠ። የአንድ ጂን ሥራ መታወቁ ያለዚያ ጂን ባክቴሪያው አይኖርም ማለት አይደለም።

ንጽጽሩ ለሕክምና ያስገኘው ጥቅምም አለ። የትኩሳት ግርሻ ቦረሊያዎች ጂኤልፒኪው የተባለ ኤንዛይምና የኤንዛይሙን ውጤት፣ ማለትም ግሊሰሮል ፎስፌትን፣ የሚያስገባ ፕሮቲን አላቸው፤ የላይም ቦረሊያዎች ግን የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1996 ጂኤልፒኪው ሁለቱን በሽታዎች በደም ምርመራ ለመለየት እንደሚረዳ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ከራሱ ከቦረሊያ ሬከረንቲስ የተገኘው ጂኤልፒኪው ለትኩሳት ግርሻ ምርመራ ሊያገለግል እንደሚችል ተገለጸ።

እንዲህ ያለው ምርመራ የሚለካው ፀረ እንግዳ አካልን በመሆኑና ይህም እስኪፈጠር ቀናት ስለሚወስድ፣ በደጋ ጤና ጣቢያ ትኩሳት ይዞት ለሚመጣ ሕመምተኛ አስተማማኙ መንገድ ዛሬም ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት የሚወሰድ የደም ቅብ ነው። ከመጀመሪያው መድኃኒት በኋላ ባሉት ሰዓታት ብርቱ ብርድ ብርድ ማለት፣ የትኩሳት መጨመርና የደም ግፊት መውረድ ሊከተል ስለሚችል ሕመምተኛው በቅርብ ክትትል ሊደረግለት ይገባል። የጤና ባለሙያው «ይህ ጂን ይህን ይሠራል» የሚል ጽሑፍ ሲያነብም አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ የተባለው በንጽጽር የተገመተ ነው ወይስ በሙከራ የተረጋገጠ የሚለውን ነው።