ስለ በረት በር አመራረጥ

በአዲስ አበባ ምዕራብ፥ በኮልፌ ቀራንዮ፥ ዓለም ባንክ በተባለው ሰፈር በግቢው የወተት ላም የሚያረባ ሰው ስለ በረቱ በር አስቀድሞ እንዲያስብ እናሳስባለን።

ቆርቆሮ ዋጋው ቢቀንስም ጠርዙ የላሚቱን ግት ይቆርጣል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ፥ አጣናው በሁለት ቋሚዎች መካከል ቢጋደም ደኅና መዝጊያ ይሆናል፤ ነገር ግን ምስጥ ይበላዋል። ስለዚህ አቅም ያለው የብረት ቧንቧ ይምረጥ፤ የታችኞቹም ብረቶች ጥጃ ራሱን እንዳያሾልክ ይቀራረቡ።

በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፤ እሳት ቢነሣ የተጨናነቀ ከብት ወደ ውስጥ የሚከፈተውን በር ገፍቶ ይዘጋዋልና።

መቀርቀሪያውም በውጭ በኩል ከሕፃን እጅ በላይ ይሁን። አዲስ የወለደች ላም ስለ ጥጃዋ ስትቆጣ የምታውቀውን ልጅ እንኳ አትምርምና፥ እመቤቶች ይህን ሳያዩ ለሠራተኛው ዋጋውን አይክፈሉ።