አደጋው ማሰራጫው ከጠፋ በኋላ ነው

ማታ ራዲዮዎን ከፍተው ወሬ ሲያዳምጡ ድምፁ በድንገት ቢቋረጥ ምን ያደርጋሉ? አብዛኞቻችን ሣጥኑን መታ መታ እናደርጋለን፤ ቀጥሎም ሠራተኞቹን እንወቅሳለን። ነገር ግን በዚያች ደቂቃ ከከተማ ውጭ በታጠረ ሜዳ ላይ አንድ መሐንዲስ ማሰራጫውን አጥፍቶ በሩን ሊከፍት ቆሞ ይሆናል። የሚያደርገውን ብናውቅ ወቀሳችን ይቀንስ ነበር።

ማሰራጫ ማለት ከስቱዲዮ የመጣውን ድምፅ በብዙ ኃይል ወደ አየር የሚለቅ መሣሪያ ነው። በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን የጀመረውና በ1969 ዓ.ም. በመንግሥት የተወረሰው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ ሁለት ባለ 100 ኪሎዋት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች ነበሩት። 100 ኪሎዋት ማለት 1,000 ባለ መቶ ሻማ አምፑሎችን በአንድ ጊዜ የሚያበራ ኃይል ነው። በቤታችን ያለው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን፥ እንዲህ ያለ ማሰራጫ ትልልቅ ቱቦዎች ግን በብዙ ሺህ ቮልት ይሠራሉ።

ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው «ካጠፉት በኋላ ምን ያስፈራል?» ይሉኛል። አደጋው ያለው እዚያው ላይ ነው። በማሰራጫው ውስጥ ካፓሲተር የሚባሉ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች አሉ፤ መስመሩ ሲቆረጥ እነርሱ ያጠራቀሙትን ይዘው ይቀራሉ። ለምሳሌ በ10,000 ቮልት የተሞላ የ50 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር 2,500 ጁል ይይዛል። ይህም አንድ ኩንታል ጤፍ ከመሬት ሁለት ሜትር ተኩል ከፍ ለማድረግ የሚበቃ ጉልበት ነው። ካፓሲተሩ ይህን ሁሉ በአንዲት ቅጽበት በሰው ልብ ላይ ሊያሳልፈው ይችላል። እርግጥ ክምችቱን ቀስ በቀስ የሚያፈስሱ ሬዚስታንሶች ከጎኑ ይታሠራሉ። ዳሩ ግን ሬዚስታንስም ይበላሻል፤ መበላሸቱንም ከውጭ ሆኖ የሚያይ የለም።

ስለዚህ ብልህ መሐንዲስ ሜትሩ ዜሮ ቢያሳየውም አያምንም። አስቀድሞ ዋናውን ማብሪያ ቆርጦ በራሱ ቁልፍ ይቆልፈዋል፤ ቁልፉንም በኪሱ ያኖረዋል እንጂ ለአለቃውም ቢሆን አይሰጥም። ሰዓቱንና ቀለበቱን ያወልቃል። ከዚያ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ረጅም በትር ያነሣል፤ የበትሩ ጫፍ መንጠቆ ነው፥ ከመንጠቆውም ወፍራም የመዳብ ሽቦ ወደ መሬት ይወርዳል። በዚህ ካፓሲተሮቹን አንድ በአንድ ይነካቸዋል። መንጠቆውንም ሥራው እስኪያልቅ እዚያው አንጠልጥሎ ይተወዋል፤ ምክንያቱም ትልቅ ካፓሲተር ባዶ ከሆነ በኋላ እንኳ በውስጡ ከቀረው ጥቂት ተመልሶ በከፊል ሊሞላ ይችላል። ብቻውንም አይሠራም፤ ኃይሉን መቁረጥና ትንፋሽ መስጠት የሚያውቅ ጓደኛ ከአጠገቡ ይቆማል።

በሩ ሲከፈት ኃይሉን በራሱ የሚቆርጥ ማቋረጫም አለ። ሥራ ለማፋጠን ብለው ይህን ማቋረጫ በሽቦ አስረው በሩን ከፍተው የሚሠሩ ሰዎች አይጠፉም። ይህን ጉብዝና ብለው የሚያወሩትን ስሰማ እናደዳለሁ፤ ባሩድ ቤት ውስጥ ሲጋራ ከመለኮስ በምን ይለያል?

የቀረው እንክብካቤ የቤት እመቤት ሥራ ይመስላል፦ የአየር ማጣሪያውን ከአቧራ ማጽዳት፥ አይጥ የሚገባበትን ቀዳዳ መድፈን፥ በምሰሶው ሥር ሣሩን ማጨድ፥ የሜትሮቹን ንባብ በየሰዓቱ በመዝገብ መጻፍ። በመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ ብዙውን ጊዜ ምሰሶው ራሱ አንቴና ነው፤ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ መቀመጫ ላይ ይቆማል። ወፍ ቢያርፍበት ምንም አይሆንም፤ እግሩ መሬት የረገጠ ሰው ቢነካው ግን ሥጋው ድረስ ይቃጠላል። አጥሩና ዘበኛው ለሌባ ብቻ የቆሙ አይደሉም።

በምሰሶም ቢሆን ከባዱ ቀን የጥገና ቀን ነው። በፖላንድ አገር በኮንስታንቲኑፍ በ1966 ዓ.ም. የቆመው የረጅም ሞገድ ምሰሶ ቁመቱ 646 ሜትር ነበር፤ በዘመኑ በዓለም ላይ እርሱን የሚያህል ሕንፃ አልነበረም። ከሦስት አቅጣጫ በተወጠሩ የብረት ገመዶች ተይዞ ነፋሱንና በረዶውን 17 ዓመት ቻለ። ድንኳን ተክለው ከሆነ ነገሩ ይገባዎታል፤ አንዱን ገመድ ሲፈቱ ሌሎቹ ምሰሶውን ወደ ራሳቸው ይስቡታል፤ ስለዚህ ምትኩ አስቀድሞ መወጠር አለበት። በነሐሴ 2 ቀን 1983 ዓ.ም. ሠራተኞች የላይኛውን ገመድ ሲለውጡ ስሕተት ተፈጠረ፤ ምሰሶው ጎበጠ፥ ከወገቡ ተሰብሮም ወደቀ። ደግነቱ የሞተ ሰው አልነበረም። ምሰሶውን መልሶ ለመሥራት ታስቦ ነበር፤ የአካባቢው ሰዎች ግን ለጤናችን ያሰጋናል ብለው ተቃወሙ። ከ8 ዓመት በኋላ በሌላ ቦታ ሁለት አጠር ያሉ ምሰሶዎች ተተከሉ።