የኦባማ የፊላዴልፊያ ንግግርና የአያቱ ነገር

ባራክ ኦባማ ገና ለፕሬዚዳንትነት እጩነት ሲወዳደር፣ መጋቢት 9 ቀን 2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 2008) ፊላዴልፊያ ላይ ያደረገውን ንግግር በክፍል ውስጥ አዳምጠን ነበር። 37 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ሲያልቅ እጄን አውጥቼ «ይሄ ሰውዬ የማይመጣጠኑ ሁለት ነገሮችን አንድ ሚዛን ላይ አስቀመጠ» አልኩ። መምህራችንም «እስቲ ድጋሚ ስማውና ጻፍ» አሉኝ። እነሆ ጻፍኩ።

በመጀመሪያ ስለ አንድ ቃል። «ሬስ» የሚለውን «ዘር» ብለን ስንተረጉመው ነገሩ ይምታታል። እኛ ዘንድ ዘር ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ብሔርን ነው፣ ወይም «የማን ልጅ ነህ?» የሚለውን። የኦባማ ጉዳይ ግን የቆዳ ቀለም ነው፤ ከቀለሙ ጀርባ ደግሞ ባርነትና ሕግ አለ። ስለዚህ ጥቁርና ነጭ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ነገሩ የተነሳው በፓስተር ጄረማያ ራይት ነው። ኦባማ ሃያ ዓመት ያህል የተመላለሰበት የቺካጎ ቤተ ክርስቲያን መሪ ነበሩ፤ እሱን ያጋቡ፣ ልጆቹን ያጠመቁ ሰው ናቸው። አሜሪካን የሚያወግዙ የስብከታቸው ቅንጫቢዎች በቴሌቪዥን ሲደጋገሙ የኦባማ ውድድር አደጋ ላይ ወደቀ። ሌላ ፖለቲከኛ ቢሆን «አላውቃቸውም» ብሎ ይገላገል ነበር። ኦባማ ግን ንግግራቸውን አወገዘ እንጂ ሰውየውን አልክድም አለ።

ታዲያ እንዴት አስረዳ? ከሕገ መንግሥቱ ጀመረ። ሰነዱ በ1787 ሲረቀቅ የባሪያ ንግድ ቢያንስ ለ20 ዓመት እንዲቀጥል መፈቀዱን አነሳ። ከዚያ ወደ ቅርቡ መጣ፦ ጥቁሮች ንብረት እንዳይገዙ መከልከላቸው፣ ብድር መነፈጋቸው፣ መንግሥት ዋስ የሚሆንበት የቤት ብድር ለእነሱ አለመድረሱ፣ ከሠራተኛ ማኅበር፣ ከፖሊስና ከእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት መገለላቸው። ቤት መግዛት ያልቻለ አባት ለልጁ ምን ያወርሳል? የራይት ትውልድ ቁጣ ከዚህ የመጣ ነው ይላል። ቀጥሎ ወደ ነጩ ሠራተኛ ዞረ፦ ሥራው ወደ ውጭ አገር የሄደበት፣ ጡረታው የቀረበት፣ «እኔ ላልሠራሁት በደል ልጄ ለምን ቦታ ያጣል?» የሚለው።

የእኔ ክስ እዚህ ላይ ነበር። ድጋሚ ስሰማው ግን ግማሹን አነሳሁ። የሁለቱ ቁጣ ምንጭ እኩል ነው አላለም እኮ። አንደኛው በሕግ የተፈጸመ በደል ነው፤ በሁለተኛው ላይ እውነተኞቹ ጥፋተኞች ስግብግብ ኩባንያዎችና የዋሽንግተን ሎቢስቶች ናቸው ባይ ነው። እኩል ያደረገው መደመጥን ነው። በእርግጥ ይሄ ድምፅ የሚለምን ሰው ብልሃትም ነው።

እስካሁን ያልተዋጠልኝ የአያቱ ነገር ነው። ማደሊን ደንሃም ነጭ ናቸው፤ ሃዋይ ውስጥ አሳድገውታል። ኦባማ ራይትን መካድ እኚህን አያቴን እንደመካድ ነው አለና፣ አያቱ መንገድ ላይ የሚያልፉ ጥቁር ወንዶችን እንደሚፈሩ አንድ ጊዜ እንደነገሩት፣ ስለ ጥቁሮች የሚያሸማቅቀውን ነገር ሲናገሩም እንደሰማ ለዓለም ተናገረ። የፈለገው ይገባኛል፤ ነጭ አድማጭ «እኔም ቤት እንዲህ ያለ ሰው አለ» እንዲል ነው። ነገር ግን ራይት የሰበኩት ሕዝብ ፊት ነው። አያቱ የተናገሩት ለልጅ ልጃቸው ነው። የጓዳን ነገር አደባባይ ማውጣት፣ ያውም የ85 ዓመት ባልቴት በሕይወት እያሉ! እኔ በአያቴ አላደርገውም።

ይህን ስል አንዲት የክፍላችን ልጅ «ዘረኝነትን በምንወደው ሰው ላይ ካላየነው የት ልናየው ነው? የጠላት ብቻ ሊሆን ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም፤ ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።

ከራይት ጋር የነበረው ነገርም አልዘለቀም። ራይት ኤፕሪል 28 ቀን ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የፕሬስ ክለብ ቀርበው በተናገሩ ማግስት ኦባማ በግልጽ አወገዛቸው። ሜይ 31 ከቤተ ክርስቲያኑ አባልነት መልቀቁን አስታወቀ። አያቱን ግን በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የምርጫ ዘመቻውን አቋርጦ ሃዋይ ሄዶ ጠየቃቸው። ኖቬምበር 2 ቀን አረፉ፤ ሊመረጥ ሁለት ቀን ሲቀረው።