ከቀይዋ መስመር በስተጀርባ

ሾኔ አካባቢ ወባ ሲበረታ፣ ትኩሳት የያዘው ልጇን አዝላ ጤና ኬላ የደረሰች እናት መልሱን የምታገኘው መዳፍ ላይ ከምትቀመጥ ኪት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የልጁን ጣት ወግታ ጥቂት ደም ታኖራለች፤ ፈሳሹን ትጨምርበታለች፤ ወባ ካለ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ቀይ መስመር ብቅ ይላል።

መስመሩን የሚያቀላው ደሙ አይደለም። ኪቱ ውስጥ ደቃቅ የወርቅ ቅንጣት የተሸከመ ፀረ እንግዳ አካል፣ በላብራቶሪ አጠራር አንቲቦዲ፣ ደርቆ ተቀምጧል። የወባውን ፕሮቲን ካገኘ ይዞት ይጓዛል፤ መስመሩ ላይ የተተከለ ሌላ አንቲቦዲ ሁለቱንም ያስቀራቸዋል። የተከማቸው ወርቅ ቀልቶ ይታያል።

አንቲቦዲ ፕሮቲን ነው፤ የሚይዘው በቅርጹ ነው፤ ሙቀት ደግሞ ቅርጹን ሊያበላሽ ይችላል። ሆሳዕና ከ2,000 ሜትር በላይ ያለች ደጋማ ከተማ ናት፤ ወደ ብላቴ ወንዝ ሲወረድ ግን ሙቀቱ ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የወባ ኪቶችን ሲገመግም በ35 እና በ45 ዲግሪ ለሁለት ወር አቆይቶ የፈተናቸው በዚሁ ስጋት ነው። እኔን አብዝታ የምታሳስበኝ ኪቱ ላይ ያለችው ሌላዋ፣ የመቆጣጠሪያዋ መስመር ናት። ፈሳሹ መፍሰሱንና ወርቁ መድረሱን ትመሰክራለች፤ ወባውን የሚይዘው አንቲቦዲ አቅሙ እንዳለ መሆኑን ግን አትመሰክርም።

በካንሰር ሕክምና በወርቁ ፋንታ ጨረር አመንጪ አዮዲን 131 የሚሸከሙ አንቲቦዲዎች አሉ፤ አንቲቦዲው አሁንም ይይዛል ወይ የሚለው ጥያቄ እዚያ ይከብዳል። አዮዲኑን ለማያያዝ የሚገባው ኬሚካል ከበረታ አንቲቦዲውን ይጎዳል፤ ጨረሩም ራሱ በማከማቻ ብልቃጡ ውስጥ ይሰብረዋል። የጨረር ቆጣሪው የሚቆጥረው አዮዲኑን ብቻ ነው፤ የተሸካሚውን ጤንነት አያውቅም።

ስለዚህ አንቲቦዲው በተለያየ መንገድ ይመረመራል። በወረቀት ላይ ፈሳሽ ሲሳብ ያልተያያዘው አዮዲን አብሮ ይሮጣል፤ አንቲቦዲው ከመነሻው ይቀራል። ቀዳዳማ ደቃቅ ዶቃዎች በሞሉት ቱቦ ሲያልፍ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ እርስ በርሱ የተጣበቀው ግዙፍ ስብስብ በቀዳዳዎቹ ስለማይገባ ቀድሞ ይወጣል፣ ጤነኛው ይከተላል፣ ስብርባሪው በየቀዳዳው እየገባ ይዘገያል። ሁለቱም ግን መጠኑ ያልተለወጠ፣ መያዣው ብቻ የተበላሸ አንቲቦዲን ያሳልፋሉ። እሱን የሚያጋልጠው እ.ኤ.አ. በ1984 ሊንድሞና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ዘዴ ነው፦ ዒላማውን የተሸከሙ ሴሎችን ቁጥር እየጨመሩ፣ ከአንቲቦዲው ስንት እጁ በእርግጥ እንደሚይዝ ማስላት።

ጤና ኬላው ይህ ሁሉ የለውም። ኪቱ ወባ የለም ብሎ የልጁ ትኩሳት ካልበረደ፣ ማይክሮስኮፕ ወዳለበት ጤና ጣቢያ ይላካል።